ስሙ ሲ፥ ሕጉ ሌላ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለማይለይ ኮምፓይለር የቀረበ ሒስ

ማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ሕግ አለው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ዳኛ ኮምፓይለር ነው፤ ይኸውም ሰው የጻፈውን ጽሑፍ ተቀብሎ ማሽን ወደሚሠራበት ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ማለት ነው። ዳኛው ሕጉን እንደ ተጻፈ ቢያስፈጽም ባለጉዳዩ የሚጠብቀውን ያውቃል። ዳኛው ራሱ ሕጉን ቢለውጥ ግን፥ ለውጡ የቱንም ያህል የደግነት ቢመስል፥ ባለጉዳዩ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለውን አንድ ለውጥ ነው። ሲ.ሲ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፒክ ለሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች ያዘጋጀው የሲ ኮምፓይለር፥ የሲ ቋንቋ ሕግ ከሚያዘው ውጭ፥ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። እንዲለይ የሚፈልግ ሰው «#ኬዝ» የተባለውን መመሪያ በፕሮግራሙ ላይ መጻፍ አለበት። መመሪያው አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፥ መኖሩና አለመኖሩ ከአንድ ጽሑፍ ሁለት ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ሊያወጣ ስለሚችል፥ ጉዳዩ ቀላል ሆኖ አልታየንም።

ለንባብ እንዲያመች፥ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ብቻ የተጻፈውን ስም «ዐቢይ»፥ በትንንሾቹ ብቻ የተጻፈውን ደግሞ «ንኡስ» እያልን እንጠራለን። እንግዲህ «ዐቢይ ስታተስ» እና «ንኡስ ስታተስ» ስንል፥ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ ብቻ የሚለያዩትን ሁለት ጽሕፈቶች ማለታችን ነው።

ከፊደላችን የሚገኝ ምሳሌ

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። «ሀ» በአርእስት ላይም ቢውል በዐረፍተ ነገር መካከልም ቢገባ ያው «ሀ» ነው። ስለዚህ ንባብን በአማርኛ የጀመረ ተማሪ፥ አንድ ስም በመልክ ብቻ ተለይቶ ሁለት ነገር ይሆናል ሲሉት በመጀመሪያ እንግዳ ነገር ይሆንበታል። ከዚህ የተነሣ ልዩነቱን የማይጠይቅ ኮምፓይለር ለጀማሪ የሚያዝን ይመስላል፤ አንዳንድ ሰዎችም በዚሁ ምክንያት ሲያመሰግኑት ይሰማል።

ነገር ግን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ በኛም ዘንድ አለ። በአማርኛ «ሠ» እና «ሰ»፥ እንዲሁም «አ» እና «ዐ» በድምፅ አይለያዩም። በግዕዝ ግን «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ነው። የአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ፊደሎች ቢያቀላቅል ደብዳቤው የተላከለት ሰው ሳይቸገር ያነበዋል። የግዕዝ መጽሐፍ በዚሁ ልማድ ቢገለበጥ ግን፥ ፀሓይ በወጣችበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሌባ ይገባበታል። ከዚህ የምንረዳው፥ ፊደሎቹን የሚለየውም የማይለየውም ሕግ በየቦታው ደኅና ሊሆን እንደሚችል ነው። ጥፋቱ የሚመጣው በአንዱ ሕግ የተጻፈው ጽሑፍ በሌላው ሕግ ሲነበብ ነው። በኮምፓይለሩ ላይ የምናቀርበውም ነቀፋ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የልዩነቱ ታሪክ

ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ፕሮግራሞች የሚጻፉት ቀዳዳ በሚበሳበት ካርድ ላይ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ለዚሁ ሥራ ይውሉ የነበሩት የመብሻ መሣሪያዎችም ትልልቅ ፊደሎችን ብቻ ይጽፉ ነበር። አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታወጅ ትንንሽ ፊደሎች አልነበሩበትም፤ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1967 በተሻሻለው እትም ነው። በዚህ ሠንጠረዥ የላቲን የመጀመሪያው ትልቅ ፊደል ቁጥሩ 65፥ ትንሹ ደግሞ 97 ነው። በመካከላቸው ያለው 32 በሁለትዮሽ አጻጻፍ የአንዲት ቢት ልዩነት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ፊደሎቹን የማይለይ ቋንቋ መኖሩ እንግዲህ የመሣሪያዎቹ ችሎታ ያስገደደው ነበር ለማለት ይቻላል።

የሲ ቋንቋ ግን የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲያዘጋጀው የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት በትንንሽ ፊደላት አደረጋቸው። ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት መጽሐፍም ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያዩ መሆናቸውን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ፥ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ሕግ ይህንኑ አጽንቶታል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ይኸው የ1989 ሕግ ለአሮጌ ሊንከሮች በማዘን አንድ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ፋይል የሚሻገሩ ስሞች በመጀመሪያዎቹ 6 ፊደሎች ብቻ ቢለዩ፥ ትልቅና ትንሽነታቸውም ቢዘነጋ፥ ኮምፓይለሩ ሕግ አፍራሽ አይባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው እትም ይህን ፈቃድ አንሥቶ ቁጥሩን 31 አደረሰው። ፈቃዱ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም ቢሆን በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉትን ስሞች፥ በፋንክሽን ውስጥ የታወጁትን ተለዋዋጮችና ማክሮዎችን አይነካም ነበር። ሲ.ሲ.ኤስ. ያደረገው እንግዲህ ለአንድ በር የተሰጠውን ፈቃድ ለቤቱ ሁሉ ማዳረስ ነው።

የሚጮኽ ስሕተትና ዝም የሚል ስሕተት

ልዩነቱን ካለመጠበቅ የሚመጡት ስሕተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የሚጮኸው ነው። በሲ ጸሐፊዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ቋሚ እሴቶች በዐቢይ፥ ተለዋዋጮች በንኡስ ይጻፋሉ። አንድ ተማሪ ይህን ልማድ ተከትሎ መብራቱ የተገናኘበትን እግር «ዐቢይ ሌድ» ብሎ በማክሮ ቢሰይም፥ መብራቱ መብራቱንና መጥፋቱን የሚይዘውን ተለዋዋጭ ደግሞ «ንኡስ ሌድ» ቢለው፥ በሲ ሕግ ምንም አላጠፋም። ፊደል የማይለየው ኮምፓይለር ግን «ንኡስ ሌድ» ባየ ቁጥር የማክሮውን ፍቺ ይተካበታል። ለፒክ16ኤፍ877 ከኮምፓይለሩ ጋር በሚመጣው ሄደር ፋይል የፖርት ቢ የመጀመሪያው እግር ቁጥር 48 ስለ ሆነ፥ ተለዋዋጩ የታወጀበት መስመር ቁጥር 48ን ተለዋዋጭ አድርጎ እንደ ማወጅ ይሆናል። ኮምፓይለሩም ስሕተት ብሎ ያቆማል። ተማሪው መስመሩን ደጋግሞ ቢያነብ ጥፋቱን አያገኘውም፤ ምክንያቱም በጻፈው ውስጥ ጥፋት የለም። ይህ የሚያደክም ነገር ቢሆንም፥ ፕሮግራሙ ወደ ቺፑ ሳይገባ የሚታወቅ ስለ ሆነ አደገኛ ልንለው አንችልም።

ሁለተኛው ዝም የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኮምፓይለሩ መምሪያ መጽሐፍ «#ኬዝ»ን ሲያስረዳ ያቀረበው ምሳሌ ይበቃል። በምሳሌው «ዐቢይ ስታተስ» ለፕሮግራሙ ሁሉ የሚታይ ተለዋዋጭ ሆኖ ከፋንክሽኑ ውጭ ታውጇል፤ «ንኡስ ስታተስ» ደግሞ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ብቻ የሚኖር ነው። በፋንክሽኑ ውስጥ የንኡሱን ዋጋ ወደ ዐቢዩ የሚያስገባ አንድ መስመር አለ። «#ኬዝ» ካለ መስመሩ የተባለውን ይፈጽማል። «#ኬዝ» ከሌለ ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው፤ በሲ ደንብ መሠረት ደግሞ የውስጡ ተለዋዋጭ የውጭውን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ መስመሩ ተለዋዋጩን ወደ ራሱ መገልበጥ ብቻ ይሆናል። የውጭው ተለዋዋጭ እንደ ነበረ ይቀራል። ሁለቱም ንባቦች ሕጋውያን ስለ ሆኑ በስሕተትነት የሚቆም ነገር የለም።

የዚህን ክብደት ለማየት፥ ፋንክሽኑ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን መለኪያ እያነበበ «ሞልቷል» የሚለውን ምልክት ለዋናው የፕሮግራም ክፍል የሚያቀብል ነው እንበል። ዋናው ክፍል ምልክቱን አይቶ ፓምፑን ያጠፋል። ምልክቱ በፋንክሽኑ ውስጥ ወደ ራሱ ተገልብጦ ከቀረ፥ ዋናው ክፍል አሮጌውን ዋጋ እያየ ፓምፑን ማሠራቱን ይቀጥላል። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሲፈስ ተማሪው መለኪያውን ይፈትሻል፥ ሽቦውን ይፈትሻል፥ ቺፑን ይለውጣል፤ ፊደሉን ግን አይጠረጥርም። ጠርጥሮ በሲ መጽሐፉ ቢያመሳክር እንኳ መጽሐፉ «ልክ ነህ» ይለዋል።

ለማይለየው ወገን የሚሰጡ ምክንያቶች

አንዳንዶች ማይክሮኮንትሮለር ትንሽ ስለ ሆነ ኮምፓይለሩም ነገሩን ማቅለል አለበት ይላሉ። ቺፑ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ፒክ16ኤፍ84 የሚይዘው 1024 የትእዛዝ ቃላትና 68 ባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነው። ነገር ግን የተለዋዋጮች ስም ወደ ቺፑ አይገባም፤ ኮምፓይለሩ ስሙን በአድራሻ ቁጥር ለውጦ ይጨርሳል። ስሞቹ የሚቀመጡት ኮምፓይለሩ በሚሠራበት በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ስለዚህ ፊደል መለየት ከቺፑ አንዲት ባይት እንኳ አይወስድም፤ ምክንያቱም ውድቅ ነው።

ሌሎች ደግሞ ከበድ ያለ ምክንያት ያቀርባሉ። ፓስካልና እ.ኤ.አ. በ1983 ደረጃው የጸደቀው አዳ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለዩም፤ አዳ ደግሞ ለጥንቃቄ ሥራ የታሰበ ቋንቋ ነው። በድምፅ አንድ የሆኑ ሁለት ስሞች አንባቢን ያሳስታሉና ቋንቋው ቢከለክላቸው መልካም ነው ይላሉ። በዚህ እኛም እንስማማለን። እንዲያውም ሲን ለመኪናና ለሌላም አደገኛ ሥራ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚመሩበት ሚስራ የተባለው ደንብ፥ እ.ኤ.አ. በ2012 እትሙ፥ በአንድ ቦታ የሚታዩ ስሞች በመልክ የሚያደናግሩ እንዳይሆኑ ይመክራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሲ.ሲ.ኤስ.ን አይረዳውም። አዳ ሕጉን በራሱ ስም አውጆ ለሁሉ እኩል ያስፈጽማል፤ የአዳ ጸሐፊም ይህን አውቆ ይጽፋል። ሚስራም ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው አላለም፤ ሁለት መሆናቸውን ተቀብሎ ጸሐፊው እንዲጠነቀቅ መከረ እንጂ። መምከር ሌላ፥ በዝምታ ማዋሐድ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ለጀማሪ ማዘን ነው። ነገር ግን ተማሪ በአንድ ኮምፓይለር ተወስኖ አይቀርም። ዛሬ ብዙ ተማሪ በአርዱዊኖ ይጀምራል፤ በዚያ «ዲጂታል ራይት» የሚባለው ትእዛዝ «ራይት» የሚለው ክፍል በትልቅ ፊደል ካልተጀመረ ተቀባይነት የለውም። ማይክሮቺፕ ኩባንያ ራሱ ለ8 ቢት ፒኮች የሚያቀርበው ኤክስ.ሲ.8 የተባለው ኮምፓይለርም ፊደል ይለያል። ስለዚህ በማይለየው ኮምፓይለር የሠለጠነ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር የጻፈው ሁሉ ይፈርስበታል። ዛሬ የታዘነለት ተማሪ ዕዳውን ነገ ከነወለዱ ይከፍላል።

መድኃኒቱም መመርመር አለበት

«#ኬዝ» በመኖሩ አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ በሩን ጨርሰው አልዘጉትም። ሆኖም መድኃኒቱ ራሱ ሦስት ነገሮች አሉበት።

አንደኛ፥ ፕሮግራሙ ለየብቻ ከሚጠናቀሩ ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን፥ መመሪያው በሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘት እንዳለበት መምሪያ መጽሐፉ ያዛል። በኅብረት የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን አስቀድመው ካልተስማሙበት አንዱ በአንድ ሕግ ሌላው በሌላ ሕግ ይጽፋል።

ሁለተኛ፥ ከኮምፓይለሩ ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች፥ ሄደሮችና ድራይቨሮች መካከል መመሪያው በርቶ ያልተፈተኑ መኖራቸውን ይኸው መጽሐፍ ያስጠነቅቃል። የሒሳችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ቅን ነው፤ ትርጕሙ ግን ሕጉን ማክበር የፈለገ ሰው የቤቱ የራሱ ዕቃ ሊሰናከልበት ይችላል ማለት ነው። ዳኛው «ሕጉን ከፈለግህ አለልህ፤ ጸሐፊዎቼ ግን ሁሉም በሕጉ አልጻፉም» እንደማለት ነው። የማይለየው አሠራር ቋሚ ሆኖ በመቆየቱ፥ በልዩነቱ የማይጨነቁ ፋይሎች ተከማችተዋል፤ ፋይሎቹ በመከማቸታቸው ደግሞ አሠራሩን መለወጥ እየከበደ ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ፊደልን የሚያስለይ ሌላም መንገድ አለ፤ የመሣሪያውን ዓይነት በሚገልጸው መመሪያ ላይ «አንሲ» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። ይህ መንገድ ግን ፊደልን ብቻ አይለውጥም። በዚህ ኮምፓይለር ለ8 ቢት ፒኮች «ኢንት» የተባለው የቁጥር ዓይነት በተለመደው አሠራር 8 ቢት ሆኖ አሉታዊ የሌለው፥ ማለትም ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው፤ በአንሲ አሠራር ግን ምልክት ያለው ይሆንና ከ-128 እስከ 127 ይይዛል። እንግዲህ ፊደል እንዲለይለት ብቻ አስቦ ይህን ቃል የጨመረ ተማሪ፥ እስከ 200 ይቆጥርለት የነበረው ቆጣሪ ከ127 በላይ አልሄድ ይለዋል። ፊደል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መንገድ «#ኬዝ» ነው።

ሁለቱን ጉዳቶች ስናወዳድር

ታዲያ ማብራት ይሻላል ወይስ መተው? ሁለቱም ጉዳት ካላቸው መመዘን ያለበት የጉዳቱ ዓይነት ነው። «#ኬዝ» ሲበራ በብዛት የሚመጣው ስሕተት «ይህ ስም አልታወጀም» የሚለው ነው፤ የሚጮኽ ስለ ሆነ ከመስመሩ ላይ ይታረማል። «#ኬዝ» ሲጠፋ ከሚመጡት መካከል ግን ከላይ ያየነው ዝም የሚለው ስሕተት አለ። ጮኾ የሚያስቸግር መሣሪያ ዝም ብሎ ከሚያሳስት ይመረጣል።

በርግጥ ማብራትም የራሱ ዝምታ አለው። አንድ የፕሮግራም ክፍል እንዲገባ ወይም እንዲቀር የሚወስነው «#ኢፍዴፍ» የተባለው መመሪያ፥ የሚጠይቀው ስም በፊደል ልዩነት ምክንያት ካልተገኘ፥ ክፍሉን ያለ አንዳች ቃል ያስቀረዋል። ስለዚህ አሮጌ ፕሮግራም ላይ «#ኬዝ»ን የሚያበራ ሰው እነዚህን መስመሮች አንድ በአንድ ማየት አለበት።

ከዚህ የሚያድን አንድ ቀላል ፈተና አለ። ፕሮግራሙን በዚያው ኮምፓይለር አንድ ጊዜ «#ኬዝ» በርቶ፥ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ማጠናቀርና የሚወጡትን ሁለት ሄክስ ፋይሎች ማስተያየት ነው፤ ቀንና ሰዓት የሚመዘግብ የማስታወሻ መስመር ቢኖር እርሱን ትቶ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ፕሮግራሙ በሁለቱም ሕጎች ያው ነው። ከተለያዩ፥ ወይም አንደኛው አልጠናቀር ካለ፥ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ስሞች በመልክ ብቻ ተለይተዋል፥ ወይም አንድ ስም በሁለት መልክ ተጽፏል ማለት ነው። ፈተናው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

የምናቀርበው አሳብ

ከላይ ከተመለከተው ሁሉ ተነሥተን ለሦስት ወገኖች የምንለው አለ።

ለጓደኞቻችን ተማሪዎች፤ «#ኬዝ»ን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፕሮግራማችሁ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ጻፉ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላም በፊደል መልክ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች አታውጡ። ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ የሚጠቅም አይደለምና፥ «ዐቢይ ስታተስ» እና «ንኡስ ስታተስ» ከማለት «የታንክ ሁኔታ» እና «የአሁን ንባብ» የሚል ትርጕም ያለው ስም መስጠት ይሻላል። እንዲህ የተጻፈ ፕሮግራም ዳኛው ማንም ቢሆን ፍርዱ አይለወጥም።

ለመምህራኖቻችን፤ በላቦራቶሪ ለተማሪ በሚታደለው መነሻ ፋይል ውስጥ መመሪያው ተጽፎ ቢገኝ፥ ከሥሩም ምክንያቱ በአንድ መስመር ቢብራራ፥ ብዙ የጠፋ ሰዓት ይድናል። ተማሪው ኮምፓይለሩንና ቋንቋውን ለይቶ የሚያውቀው ይህን የመሰለ ልዩነት በግልጽ ሲነገረው ነው። ቋንቋው ሲ ነው፤ ኮምፓይለሩ ከሲ ተርጓሚዎች አንዱ ብቻ ነው።

ለኮምፓይለር አዘጋጆች በአጠቃላይ፤ ፊደል ለመለየትና ለጀማሪ ለማዘን በሁለት መንገድ መካከል መምረጥ አያስፈልግም። ልዩነቱ አንዲት ቢት ናት። ኮምፓይለሩ ስሞቹን እንደ ሕጉ ለይቶ ይያዝ፤ በመልክ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ባየ ጊዜ ደግሞ «እነዚህ ሁለት ስሞች ይመሳሰላሉ፤ አስበህበታልን?» ብሎ ያስጠንቅቅ። ይህ ለጀማሪው ትምህርት፥ ለዐዋቂው ጥበቃ ይሆናል። ተማሪው የሚሳሳትበትን ቦታ ማሳየት እንጂ ስሕተቱን መሸፈን ርኅራኄ ሊባል አይችልም።

ሲ.ሲ.ኤስ. ለትንንሽ ቺፖች ሥራ ብዙ ያቀለለ ኮምፓይለር ነው፤ ዝግጁ ሆነው ከእርሱ ጋር የሚመጡት ድራይቨሮች ለተማሪ ያላቸውን ጥቅም አንክድም። ነቀፋችን ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ «ሲ» የሚለውን ስም የያዘ መሣሪያ፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ የሲን ሕግ ማስፈጸም ይገባዋል። ልዩ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ቢኖር መመሪያ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው፤ ሕጉን የሚያከብረው ሰው ሕጉ እንዲከበርለት ማመልከቻ ማስገባት የለበትም።